የእትዬ ለምን ምዕራፍ ስድስት

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እሳቸው» የምላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዳቸው ሞተዋል። ሌላውን ሁሉ፣ ሹም ይሁን ደራሲ፣ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው። የሚከፋው ካለ ይክፋው። አክብሮት ከወንበር ጋር የሚታደል የሚመስለው ሰው ስለበዛ ነው እዚህ የደረስነው።

በሕይወት ያሉት እትዬ ለምን ናቸው፤ የአምስተኛ ክፍል የቋንቋ መምህርት። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የቤት ሥራዬን አልሠራሁም» ቢላቸው አይቆጡም። «ለምን?» ይሉታል። «አሞኝ።» «ለምን አመመህ?» «ዝናብ መታኝ።» «ለምን ዝናብ ውስጥ ቆምክ?» ልጁ እንዲህ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ በመጨረሻ ኳስ ሲጫወት እንደዋለ በገዛ አፉ ይናዘዛል። ዱላ ይዘው አያውቁም። ልጆቹ ግን «ምነው በመቱንና በተገላገልን» ይላሉ።

አጭር ናቸው። የመነጽራቸው አንድ እጀታ በክር የታሰረ ነው፤ የካፖርታቸው ኪስ ደግሞ ሁልጊዜ በልብስ መቆንጠጫ እንደተወጠረ ነው። የመቆንጠጫውን ነገር እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን አባታቸው።

አባታቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ደወሉን የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ የደወሉን መምቻ ብረት ፈትተው ዕቃ ቤት ይቆልፉበት ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢከፍቱ ብረቱ የለም። «ቁልፍ ያለው አንተ ጋ ነው» ተባሉ። «ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጠኸዋል» ተባሉ። ማንም ምንም ሳያጣራ በሳምንቱ ተባረሩ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ሸክም ተሸክመው ነው የኖሩት። ሰፈሩም «ደወል በላ» የሚል ስም አወጣላቸው። ልጃቸው ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። አዲስ ሰው ስሟን ሲጠይቃት፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ሌሎቹ ልጆች «የደወል በላ ልጅ ናት» ብለው ይመልሱላት ነበር።

ያቺ ልጅ አድጋ መምህርት ስትሆን ታሪኩን ጻፈችው። «ዝም ያለው ደወል» ይባላል፤ አሥር ምዕራፍ ያለው የልጆች ልቦለድ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የዘበኛው ልጅ ብረቱን አግኝታ ትመልሳለች፣ ደወሉም ይደወላል፣ አባቷም ቁልፉን ይረከባል። በሕይወት ያልሆነው በወረቀት ሆነ ማለት ነው። እትዬ ለምን ለአሳታሚ አልሰጡትም። የፈለጉት የታሪክ አወቃቀር ለማስተማሪያ ነበር።

አሁን ወደ መቆንጠጫው። ከክፍሉ መስኮት ብረት ተነስቶ፣ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ባለው ሚስማር አልፎ፣ በበሩ አጠገብ የሚወርድ የልብስ ማስጫ ገመድ ይዘረጋሉ። የታሪኩ መነሻ በመስኮቱ በኩል ነው፤ ግጭቱ እያደገ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጡዘቱ ከሰሌዳው አናት ላይ ነው፤ መፍትሔው ወደ በሩ ይወርዳል። ልጆቹ እያንዳንዱን ድርጊት በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፈው በመቆንጠጫ ይሰቅላሉ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ካርቶን ወደ ምክንያቱ ክር ያስራሉ። ክር የሌለው ካርቶን ገመዱ ላይ አያድርም። «ይሄን ማን ወለደው?» ይላሉ እትዬ ለምን። መልስ ከጠፋ ካርቶኑ ይወርዳል።

በምዕራፍ አምስት መጨረሻ የዘበኛው ልጅ በዕቃ ቤቱ መስኮት ዘላ ትገባለች። ምዕራፍ ሰባት ሲጀምር ብረቱን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆማለች። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ግራ እግሯ ጫማ የለውም። የልብ ጓደኛዋን ደግሞ አይታ እንዳላየች ታልፋታለች። በሁለቱ መካከል «ምዕራፍ ስድስት» የሚል ርዕስና ባዶ መስመሮች ብቻ ያሉበት ገጽ አለ። እሱን የሚጽፉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እጁን፣ ጫማውንና ኩርፊያውን፣ ሦስቱንም የሚወልድ ምዕራፍ። እትዬ ለምን በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» እያሉ ያርሙታል፤ ስምና ቀን አስጽፈው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ይከቱታል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አደረጉ።

ይህን የማውቀው ገጾቹን የማባዛው እኔ ስለሆንኩ ነው። የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያነበብኩት ከማሽኑ አፍ ላይ እየተቀበልኩ ነው።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚላከው ሱፐርቫይዘር የመጣው በአሥራ አራተኛው ዓመት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገመዱን፣ ካርቶኑን፣ ክሩን አየ። «ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!» አለ። ሙሉውን ሰዓት ግን አልጨረሰም፤ ስልኩ ጮኸና ወጣ። ወጥቶም በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«የዚህችን ሴትዮ ታሪክ አንድ ሙሉ ቅጂ አውጣልኝ፤ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች በአርአያነት አሳየዋለሁ።»

አወጣሁለት። ቆሞ ገለጠው።

«ይሄ ባዶ ገጽ ምንድን ነው? ማሽንህ ዘለለ እንዴ?»

«አይ ጌታዬ፣ እሱ እንኳን...»

«እንዲህ ነው ወረቀት የምታባክኑት? አውጣው!»

አወጣሁት። ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ የቀረውን ጠርዤ ሰጠሁት። «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ ትከሻ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ፣ አንድ የጭነት መኪና መጽሐፍ አራገፈ። ሦስት መቶ ሰማንያ ቅጂ። አብሮ ደብዳቤ መጣ፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የታሪክ አወቃቀርን በዚህ አርአያ በሆነ ልቦለድ ይማሩ ይላል። ርዕሱ «የደወሉ ምስጢር» ነው። ጀርባው ላይ ሱፐርቫይዘሩ አገጩን በእጁ ደግፎ እያሰበ ፎቶ ተነስቷል። አሥሩ ምዕራፍ ዘጠኝ ሆኗል። ሰባተኛው ስድስተኛ ተብሏል፤ የቁጥር ስህተት መስሎት አርሞታል! ሌላው ቃል በቃል ነው፤ አራት ነጥቡ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እትዬ ለምን መጽሐፉን የገለጡት እኔ ክፍል ውስጥ ቆመው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለውድ አባቴ» ይላል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«የማን አባት?» አሉ።

እየገለጡ ሄዱ። አምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ።

«ባዶውን ገጽ ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«አውጣው አለኝ።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«ፈራሁት።»

«ለምን ፈራኸው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሱኝ። ሲያንሰኝ ነው።

በማግስቱ ታሪኩን መጀመሪያ የጻፉበትን ደብተር ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። በሩ አይዘጋም፣ እኔም ጆሮዬ አይዘጋም።

«ማስረጃ አለሽ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ይኸው ደብተሩ። በእጄ የጻፍኩት።»

«ደብተርማ ማንም ትናንት ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። እህቴ፣ ሰውዬው እኮ የሁላችንንም የሥራ ግምገማ የሚፈርም ነው። ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ይቅር በይውና እለፊው።»

ይቅር በይው! ይቺ አገልግሎት የማትሰጥበት ቦታ የለም። የተሰረቀውን ሰው ይዘው ይቅር በል ይሉታል፤ የሰረቀውን ግን መልስ የሚለው የለም። ይቅርታ ያልጠየቀ ሰው ይቅር ከተባለ ሌላ ነገር አይደለም፣ ደረሰኝ ነው የተቆረጠለት። እኔ ብሆን ኖሮ ጠረጴዛውን እገለብጠው ነበር። እትዬ ለምን ግን ደብተራቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«በመጽሐፉ አስተምሪ ነው አይደል ትእዛዙ?»

«አዎ፣ እሱማ ግዴታ ነው።»

«አስተምራለሁ። ደህና አድርጌ ነው የማስተምረው።»

ርዕሰ መምህሩ እፎይ አለ። ሞኝ!

እንደታዘዙትም አስተማሩ። ገመዱን ዘረጉ፣ መጽሐፉን አደሉ። ልጆቹ ካርቶናቸውን ሰቀሉ፣ ክራቸውን አሰሩ። በአራተኛው ቀን ሦስት ካርቶኖች ብቻ ክር አጥተው ተንጠለጠሉ። የተጠቀለለ እጅ። አንድ ጫማ። ኩርፊያ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ምላሷ እንደ አባቷ ምድጃ የማይበርድ ልጅ፣ ወንበር ላይ ቆማ ሦስቱንም በጣቷ ነካካች።

«ቲቸር፣ እነዚህ እናት የላቸውም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ደህና አድርገሽ ፈልጊ።»

«ሦስቴ አነበብኩት! ሴትየዋ... ማለቴ ልጅቷ በመስኮት ገባች፣ ወዲያው ርዕሰ መምህሩ ጋ ቆመች። መካከሉን ማን በላው?»

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ እትዬ ለምን። «ደራሲው በወላጆች ቀን ይመጣል። እሱን ጠይቂው።»

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ማባዣ ክፍሌ መጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቃላቸው «ገመድ አለህ?» የሚል ነበር።

«ስንት ሜትር?»

«ከግቢው በር እስከ አዳራሹ።»

የቁም ሣጥናቸውን በር ወለል አድርገው ሲከፍቱት ገባኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ምዕራፍ ስድስት። ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ልጆች፣ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ ስም፣ ቀን፣ የእርሳስ ጥቀርሻ፣ የቀለም ነጠብጣብ። ደብተር ማንም ትናንት ይጽፈዋል ነበር ያለው ያ ፈሪ? ይህን ደግሞ ይጻፈው እስቲ! ሁለት ቀን ሙሉ ሰቀልን። መቆንጠጫ አለቀብን፤ ከየቤቱ ለመንን።

በወላጆች ቀን ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ሱፍ ለብሶ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አበባ ይዞ ተቀበለው። ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ በመተላለፊያው ማለፍ ግድ ነው። ከግራም ከቀኝም ወረቀት ተንጠልጥሏል።

«የተማሪዎች ሥራ ነው? ድንቅ ነው!» እያለ ጀመረ። ቆም ብሎ አንዱን አነበበ። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ቀኑን። «ምዕራፍ ስድስት፣ ምዕራፍ ስድስት፣ ምዕራፍ ስድስት» እያለ መተላለፊያው ይጮኽበታል። እርምጃው እየከበደ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ሜትሮች ጫማውን ብቻ እያየ ነው የተራመደው። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ አንገቱ ከአንገትጌው በላይ ሲቀላ አይቻለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ከዚያ የሚያምር ቀለም አላየሁም።

አዳራሹ ሞልቷል። ማይክሮፎኑን ይዞ «ልቦለዴን እንዴት እንደጻፍኩ» እያለ ሩብ ሰዓት አወራ። ስለ መነሳሳት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ አባቱ። ጥያቄ ሲባል የዳቦ ጋጋሪው ልጅ እጇን ለማውጣት አልጠበቀችም፣ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ የዘበኛው ልጅ እጇን ምን ሆና ነው የጠቀለለችው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው! እ... ወድቃ ነው። ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነበር።»

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች ይላል።»

ሳቅ ተሰማ። ሳል ሳል አደረገው።

«ጫማዋስ?»

«ጫማዋን... ደግ ልጅ ስለሆነች ለአንድ ችግረኛ ልጅ ሰጠችው።»

«አንዱን ብቻ?»

አዳራሹ ፈነዳ። የልጅቷ አባት ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ «እሱስ አንድ እግሩን ነው የቸገረው?» ብሎ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ቆሞ «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» ቢል የሚሰማው ጠፋ።

«ጓደኛዋንስ ለምን አኮረፈቻት?» ልጅቷ አልለቀቀችውም።

«ይሄን እንኳን ለአንባቢ ምናብ ትቼዋለሁ» አለ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ትልልቅ ደራሲዎች እንዲህ ያደርጋሉ።»

«እኛ እንዲህ ካደረግን ቲቸር ትመልስብናለች።»

በዚህ ጊዜ አንዲት ነርስ ተነሳች። እህቷን ልታይ የመጣች ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከገመዱ ያወረደችውን አንድ የወየበ ወረቀት ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄንን ምዕራፍ ስድስት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት። ቀኑ ይኸው። አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። የእርስዎ መጽሐፍ የወጣው ደግሞ ዘንድሮ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሱፐርቫይዘሩ ርዕሰ መምህሩን አየ፤ ርዕሰ መምህሩ አበባውን አየ። መያዣ ሲያጣ ወደ እትዬ ለምን ዞረ፣ ማይክሮፎኑን እንደያዘ፣ ሁሉም እየሰማው።

«አንቺ ንገሪያቸው እንጂ! ምዕራፉ ላይ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂው የለ?»

አለ። በገዛ አፉ። ዱላ የለ፣ ቁጣ የለ፤ በደረጃው ወርዶ ወርዶ ከታች ደረሰ። ማይክሮፎኑ የራሱን ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲወረውርበት ነው ያለው ነገር የገባው።

እትዬ ለምን ከወንበራቸው ተነሱ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚሉት።

«እኔም አላውቀውም» አሉ። «ብረቱን ማን እንደወሰደው አባቴ ሳያውቁ ሞቱ። እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለዚህ ነው ባዶ የተውኩት፤ ለዚህ ነው በየዓመቱ ልጆቹን የምጠይቃቸው። አንተ ግን ባዶ ገጽ እንደነበረ እንኳ አላየህም።»

እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ያንን ገጽ ሳባዛ የማስተማሪያ ዘዴ ነው ብዬ ነበር። ለካ ሴትዮዋ ምስክር እየፈለጉ ነበር።

ሰውዬው ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ወደ ኋላ በር ሄደ። ተቆልፏል። ቁልፉ የት እንደነበረ ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አልክድም። በመጣበት መተላለፊያ፣ በስድስት መቶ ሠላሳ አንዱ መካከል ተመልሶ ወጣ። ማንም አልሰደበው። ልጆቹ ብቻ ግራና ቀኝ ቆመው «ለምን? ለምን? ለምን?» እያሉ ሸኙት።

ከአሥር ቀን በኋላ መምህራን ክፍል መጣ፤ ያለ ሱፍ፣ ያለ አበባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሁለተኛው ኅትመት ላይ ስምሽን በምስጋናው ገጽ አስገባልሻለሁ» አላቸው። እትዬ ለምን ከመሳቢያቸው አንድ ባዶ ገጽ አውጥተው ሰጡት።

«ይሄን ሙላና እስከ ዓርብ አምጣ። ስምና ቀን እንዳትረሳ።»

ዓርብ አልመጣም። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የጻፉት አቤቱታም «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» የሚል መልስ አገኘ፤ አሁንም እየተጣራ ነው። ሰውዬው ዛሬም ሱፐርቫይዘር ነው። ዛሬም ይፈርማል። እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ለታሪክ ፍርድ ትቼ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ገጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ።

ሦስት መቶ ሰማንያ ባዶ ገጽ አባዛሁ። ከላይ «ምዕራፍ ስድስት» ይላል። ከታች ግን እትዬ ለምን በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩበት፦ «ይህን ታሪክ የጻፈችው የዘበኛው ልጅ ናት» ይልና፣ ስማቸውን፣ ከስማቸው ቀጥሎ እንደ ማንኛውም ሰው የአባታቸውን ስም። ደወል በላ የሚለውን አይደለም። እናታቸው ያወጣችላቸውን፣ እውነተኛውን ስም። በሦስት መቶ ሰማንያ መጽሐፍ ውስጥ።

ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብሎ መጻሕፍቱን፣ የማጣበቂያውን ባልዲና ብሩሼን አየ።

«ማን ፈቀደ?»

«መጽሐፉ ገጽ ጎድሎት ነው። እየጠገንኩ ነው።»

«ለመሆኑ ከመጣ ምን ልለው ነው?»

«ማሽኑ ዘሎ ነበር በለው።»

አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። እትዬ ለምን አጠገቤ ተቀምጠው መጽሐፉን እየገለጡ ያቀብሉኛል፣ እኔ እለጥፋለሁ። አንዱን ቅጂ ስቀበል የመጀመሪያው ገጽ ተገለጠ። «ለውድ አባቴ።»

«እትዬ፣ ይሄንንስ ልቅደደው?»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ተወው። እሱ ትክክል ነው።» ሌላ ቅጂ አቀበሉኝ። «ማጣበቂያውን ግን አታብዛ፣ ገጹ ይጨማደዳል።»